ክሮም ያልነበረው ቸርኬ

የዛሬው ታሪክ ከዚሁ ከናታንያ መሀል ከተማ፣ ከሄርጽል ጎዳና ጀርባ ካለ ጓሮ ይጀምራል።

አጎቴ አሮጌ ሞተር ሳይክል ገዝተዋል፤ ቢ.ኤስ.ኤ. ኤም 20፣ ባለ 500 ሲሲ። የበርሚንግሃሙ ፋብሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ120,000 በላይ ሠርቷል። የእንግሊዝ ጦርም እ.ኤ.አ. እስከ 1948 እዚህ አገር ነበር።

«ቸርኬውን አጽዳው፣ ክሮም እናስለብሰዋለን» አሉኝ። እኔም የፊተኛውን በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ላጥኩት። ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው!

ለካ የጦርነቱ ጊዜ ቸርኬ ክሮም አልነበረውም። የሚያብረቀርቅ ነገር ለጠላት ያጋልጣል፤ ስለዚህ እንደ ሌላው አካሉ ቀለም ይቀባ ነበር። በ1942 ደግሞ ጃፓን ማላያን ስትይዝ የጎማ እጥረት መጣ። የእግር ማሳረፊያው ጎማ ቀርቶ ባዶ ብረት፣ የመሪው መያዣም ሸራ ሆነ። ታዲያ «የዘመኑን መልክ እንመልስ» ካልን፣ ችግሩንም መመለስ አለብን ማለት ነው።

እኔ የላጥኩት ቀለም ግን አይመለስም። ከሥር የበረሃ አሸዋ ቀለም ይኑር አረንጓዴ፣ ሳላይ አቧራ አደረግኩት። ሞተሩ የት እንደዋለ የሚናገረው እሱ ነበር።

«አጎቴ፣ የኋላውን አንንካው» አልኳቸው።

«ዝገቱስ?»

«በዘይትና በጨርቅ ብቻ።»

ትንሽ ዝም አሉና «እሺ፣ የፊቱን አንተው ትቀባዋለህ» አሉ።

እናንተም ቤት አሮጌ ዕቃ ካለ፣ ከማጽዳታችሁ በፊት በደንብ እዩት፣ ጠይቁም።