ሦስት ቀን የሚያስጠብቀው ሥዕል

ሳንድራ ፎርድ አትላንታ በሚገኘው የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ በተለምዶ ሲዲሲ በሚባለው፣ በገበያ የማይገኙ መድኃኒቶችን ለሐኪሞች የምትልክ ሠራተኛ ነበረች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 ፔንታሚዲን የተባለው መድኃኒት ደጋግሞ ሲጠየቅ ነገሩ አላምር አላት። መድኃኒቱ የሚታዘዘው ኒሞሲስቲስ ለሚባል የሳንባ ምች ነው፤ ይህ ምች ደግሞ የሚይዘው በካንሰር ወይም በንቅለ ተከላ ምክንያት የሰውነት መከላከያው የደከመበትን ሰው እንጂ ጤነኛ ጎልማሳን አይደለም። አሁን ግን የሚጠየቀው ሌላ የታወቀ ሕመም ለሌለባቸው ወጣት ወንዶች ሆነ። ጁን 5 ቀን ማዕከሉ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በዚህ ምች ስለታመሙ አምስት ወጣቶች አጭር ዘገባ አወጣ። ኤድስ የሚለው ስም ገና አልወጣም ነበር።

ምቹ ተንኮለኛ ነው። በሽተኛው ደረቅ ሳል ይስላል፣ ያተኩሰዋል፣ ጥቂት ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ራጅ ሲነሣ ግን አንዳንዴ ሳንባው ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ቁርጡን ለማወቅ ቱቦ ወደ ሳንባ ሰድዶ ፈሳሽ መቅዳት ያስፈልጋል፤ መተንፈስ ላቃተው ሰው ይህ ቀላል ምርመራ አይደለም። ሐኪሞች ፊታቸውን ወደ ኑክሌር ሕክምና ክፍል ያዞሩት ለዚህ ነው። እዚያም ጋሊየም 67 ነበር።

ጋሊየም እጅ መዳፍ ላይ የሚቀልጥ ብረታ ብረት ነው፤ በ1875 ፈረንሳዊው ሌኮክ ደ ቧቦድራን አገኘው። ጨረር አመንጪ የሆነው ዓይነቱ ወደ ሕክምና የገባው ግን በአጋጣሚ ነው ቢባል አያሳፍርም። በቴነሲ ግዛት፣ ለሂሮሺማው ቦምብ ዩራኒየም በተጣራባት በኦክ ሪጅ ከተማ፣ ኤድዋርድስና ሄይስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አጥንትን የሚያሳይ ንጥረ ነገር ይፈልጉ ነበር። የሆጅኪን በሽታ ላለበት ሰው ጋሊየም ሰጥተው ሲያዩ፣ ንጥረ ነገሩ የታመሙት ንፍፊቶች ውስጥ ተከማችቶ ተገኘ። ይህን በ1969 አሳተሙ። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ላቬንደርና ባልደረቦቹ ለንደን ላይ ጋሊየም ዕጢ ብቻ ሳይሆን ብግነትም እንደሚወድ ዘገቡ። ካንሰር ለሚፈልግ ሰው ይህ ጉድለት ነው፤ የተደበቀ መግል ለሚፈልግ ግን ሲሳይ።

ምክንያቱ ጋሊየም ብረት መስሎ መታየቱ ነው። በደም ውስጥ ብረት የሚሸከመው ፕሮቲን እሱንም ይሸከመዋል፤ የደም ሥር በብግነት ሲላላ አብሮ ይወጣል፤ በነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ካለው ላክቶፈሪን ጋርም ይጣበቃል።

ምርመራው ትዕግሥት ይጠይቃል። በሽተኛው በክንዱ የደም ሥር መርፌውን ይወጋና ወደ ቤቱ ወይም ወደ አልጋው ይመለሳል። የጋሊየም 67 ግማሽ ዕድሜ 78 ሰዓት ያህል ስለሆነ ለመጠበቅ ጊዜ አለው። ከ48 ወይም ከ72 ሰዓት በኋላ ጋማ ካሜራው ሥር ይጋደማል፤ ንጥረ ነገሩ በአንጀት በኩልም ስለሚወጣ አስቀድሞ ሆድ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይሰጠው ይሆናል። የሚወጣው ሥዕል በነጠብጣብ የተሞላ፣ የደበዘዘ ነው። አንባቢው ሐኪም የሳንባውን ድምቀት ከጉበቱና ከደረት አጥንቱ ጋር እያስተያየ ደረጃ ይሰጠዋል።

በ1987 ኒውዮርክን ጨምሮ በአሜሪካ የተሠሩ ጥናቶች ይህ ድብዝዝ ሥዕል ምን ያህል እንደሚናገር አሳዩ። ሁለቱም ሳንባዎች ከዳር እስከ ዳር ከደመቁ ቀዳሚው ተጠርጣሪ ኒሞሲስቲስ ነው፤ ራጁ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ። አንዱ ክፍል ብቻ ከደመቀ የባክቴሪያ ምች፣ ንፍፊቶቹ ከደመቁ የሳንባ ነቀርሳና ዘመዶቹ ወይም ሊምፎማ ይታሰባሉ። ካፖሲ ሳርኮማ የተባለው ካንሰር ግን ጋሊየም አይነካም። ራጁ ሕመም አሳይቶ የጋሊየሙ ሥዕል ባዶ ከሆነ እሱ ይጠረጠራል፤ ታሊየም 201 የተባለ ሌላ ጨረር አመንጪ ተሰጥቶት ከደመቀም ጥርጣሬው ይጠነክራል። እርግጥ ሁሉም ፍንጭ እንጂ ፍርድ አልነበረም።

ሥዕሉ የሕክምናውንም አሻራ ያሳይ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ፔንታሚዲን በጉም መልክ ተነፍቶ ለመከላከያ ይሰጥ ጀመር። ጉሙ ወደ ሳንባ ጫፍ በደንብ ስለማይደርስ በሽታው እዚያ ተሸሸገ፤ በጋሊየም ሲታይም የሚደምቀው የላይኛው ክፍል ብቻ የሆነባቸው በሽተኞች መጡ።

ሌላው መንገድ የበሽተኛውን ነጭ የደም ሕዋሳት ቀድቶ ኢንዲየም 111 ለጥፎ መመለስ ነበር። ለባክቴሪያ ሲበጅ ለኒሞሲስቲስ ግን ከጋሊየም ያነሰ ነው። ከዚህም በላይ አደጋ ነበረበት፦ ኤድስን የሚያመጣው ቫይረስ፣ ኤችአይቪ፣ ያለበት ደም ከሰው ወጥቶ፣ በእጅ ተሠርቶ፣ ተመልሶ ይወጋል። በ1992 ሲዲሲ በኑክሌር ሕክምና ክፍሎች ኤችአይቪ ካለበት ሰው የመጣ ደም በስህተት ለሌላ በሽተኛ የተወጋባቸው አጋጣሚዎች መኖራቸውን አስታወቀ። በመርፌው ላይ የተጻፈን ስም ደግሞ ማንበብን የመሰለ ተራ ነገር የሰው ሕይወት የሚያህል ክብደት ነበረው።

የጋሊየም ዘመን ያበቃው በተሻለ ካሜራ ብቻ አይደለም። በጨው ውሃ እንፋሎት የወጣ አክታን መመርመርና ሲቲ ስካን ቦታውን እየተሻሙ መጡ፤ ኮትሪሞክሳዞል ምቹን አስቀድሞ ይከላከል ጀመር፤ ከ1996 በኋላ ደግሞ የተቀናጁት የኤችአይቪ መድኃኒቶች በሽተኛውን ራሱን ከምርመራ አልጋው አስነሡት።

አሁን ምንጩ ያልታወቀ ትኩሳት ላለበት በሽተኛ፣ መሣሪያው ባለበት ሆስፒታል፣ የሚመረጠው ፍሎሪን 18 የተለጠፈበት ስኳር የሚወጋበት ፔት ስካን ነው። የዚህ ግማሽ ዕድሜ 110 ደቂቃ ያህል ስለሆነ ሥዕሉ በዕለቱ ይደርሳል። እሱም የራሱ ጣጣ አለው፦ የኤችአይቪ መድኃኒት ባልጀመረ ሰው ላይ ቫይረሱ ብቻውን ንፍፊቶችን ያደምቃል። ስለዚህ አንባቢው ሐኪም ሊምፎማ ወይም ነቀርሳ ብሎ ከመጻፉ በፊት በደሙ ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን መጠየቅ ይኖርበታል።