ከዓይን ሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣን የዓይን ግፊት በመድኃኒት መከላከል

የዓይን ሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ብዙውን ጊዜ ፋሻው የሚፈታለት በማግስቱ ጠዋት ነው። የዓይን ውስጥ ግፊት ግን በአብዛኛው የሚያሻቅበው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከ3 እስከ 7 ባሉት ሰዓታት ውስጥ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ በራሱ ይወርዳል። በማግስቱ የተለካ መልካም ቁጥር ሌሊቱ በደኅና ስለማለፉ ማስረጃ አይሆንም። በመሆኑም መከላከያው፣ ለሚያስፈልጋቸው ታካሚዎች፣ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ሳይወጡ መሰጠት አለበት።

ዋናው መንስኤ ቪስኮኤላስቲክ የተባለው ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። ሐኪሙ የዓይንን የፊት ክፍል ክፍት አድርጎ ለመያዝና የኮርኒያን የውስጥ ሽፋን ከጉዳት ለመጠበቅ ይጠቀምበታል፤ ውስጥ የቀረው ቅሪት ግን የዓይን ፈሳሽ የሚወጣበትን ወንፊት መሰል መረብ ይደፍናል። ይህን ቅሪት፣ ከሰው ሠራሽ ሌንሱ ጀርባ ያለውን ጭምር፣ አጥቦ ማውጣት ከማንኛውም መድኃኒት ይቀድማል።

የተለመደው ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ጤናማ የዓይን ነርቭ ለጥቂት ሰዓታት ከ30 በላይ ቢወጣበት አብዛኛውን ጊዜ ይቋቋማል። በግላኮማ የተጎዳ ነርቭ ግን በአንድ ሌሊት የቀረችውን እይታ ሊያጣ ይችላል። በሌንስ ላይ ነጭ ብናኝ የሚታይበት ሱዶኤክስፎሊዬሽንም ለዚህ አደጋ ያጋልጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ ለዚህ ቀዶ ሕክምና ከተመዘገቡ ታካሚዎች መካከል ችግሩን በብዛት ማግኘቱ ጉዳዩን ለእኛ ሐኪሞች ይበልጥ አሳሳቢ ያደርገዋል።

የአሴታዞላማይድ እንክብል፣ ቲሞሎልና ብሪሞኒዲን የዓይን ፈሳሽ መመንጨትን ይቀንሳሉ። በቀዶ ሕክምናው ማብቂያ ዓይን ውስጥ የሚገባው ካርባኮልም የግፊቱን መጨመር ይገታል። ላታኖፕሮስት ከፍተኛ ውጤቱን የሚያሳየው ከ8 እስከ 12 ሰዓት በኋላ ስለሆነ ለዚያች ሌሊት ብቻውን አይበቃም።

ለሁሉም በጅምላ ማዘዝ ግን አልደግፍም። ቲሞሎል አስም ላለበት ወይም የልብ ምቱ ለዘገየ ሰው አይሰጥም፤ አሴታዞላማይድም ከባድ የኩላሊት ሕመምተኛን ይጎዳል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት አስምን፣ ኩላሊትን፣ የሰልፋ አለርጂንና የግላኮማ ታሪክን መጠየቅ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ግፊቱ ያለ ምንም ስሜት ሊጨምር ስለሚችል፣ ነርቩ የተጎዳ ታካሚ በዚያው ቀን ማምሻውን ግፊቱ ሊለካለት ይገባል። ኃይለኛ የዓይን ሕመም፣ ራስ ምታት ወይም ማስመለስ የጀመረው ደግሞ ጠዋትን ሳይጠብቅ በዚያው ሌሊት ወደ ሐኪሙ ይመለስ።