ፀረ-ኦክሳይድ፦ ሰብል ድርቅንና በሽታን የሚችልበት አቅም

ፀረ-ኦክሳይድ፣ «አንቲኦክሲዳንት» ለተባለው የሳይንስ ቃል የቀረበ አማርኛ ነው። በሕዋስ ውስጥ የሚፈጠረው ነውጠኛ ኦክስጅን ጉዳት እንዳያደርስ የሚያበርድ ንጥረ ነገር ማለት ነው። ብዙዎቻችን ቃሉን የሰማነው ከጤና ምክር ነው፤ አትክልትና ፍራፍሬ ብሉ ስንባል። ዕፀዋት ግን ይህን ንጥረ ነገር የሚሠሩት አስቀድመው ለራሳቸው ነው።

ነውጠኛ ኦክስጅን ምንድን ነው? መልሱን ለማየት ከጣርማ በር ወርደን፣ ደብረ ሲናን አልፈን የይፋት ቆላ ውስጥ እንግባ። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ማሽላ፣ ማሾና ጤፍ፣ በመስኖም ሽንኩርት ይመረታል። ክረምቱ ቀድሞ የወጣ እንደሆነ ማሽላው ውኃ ለመቆጠብ የቅጠሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ያን ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ ልብ አይገባም፤ ፀሐዩ ግን እንደበረታ ነው። ቅጠሉ ከተቀበለው ብርሃን ስኳር ሊሠራበት ያልቻለው ኃይል ከፊሉ ወደ ኦክስጅን ይዞራል። ኤሌክትሮን የተጨመረበት ኦክስጅን ሱፐርኦክሳይድ ይሆናል፤ ከእርሱም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይወጣል። ነውጠኛ ኦክስጅን የምንላቸው እነዚህን ነው፤ ሲበዙ የሕዋሱን ሽፋን፣ ፕሮቲኑንና ዲኤንኤውን ያበላሻሉ።

ሰብሉ የሚመክተው በቅብብሎሽ ነው። ጆ ማኮርድና ኧርዊን ፍሪዶቪች እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራውን ያሳወቁት ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚውቴዝ የተባለ ኤንዛይም ሱፐርኦክሳይዱን ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይለውጣል። ካታሌዝና አስኮርቤት ፐርኦክሲዴዝ የተባሉት ደግሞ ተረክበው ውኃ ያደርጉታል። የኋለኛው የሚሠራው በቫይታሚን ሲ ነው፤ ሥራ ላይ የዋለውን ቫይታሚን ሲ ግሉታታዮን ያድሰዋል። ቫይታሚን ኢ የሕዋስ ሽፋንን፣ ካሮቲኖይድ ደግሞ ብርሃን የሚቀበለውን ክፍል ይጠብቃሉ። የመጀመሪያው ኤንዛይም ዚንክና መዳብ፣ ማንጋኒዝ ወይም ብረት ሳያገኝ አይሠራም። ስለዚህ አፈሩ እነዚህን ሲያጣ የሰብሉ መከታም ይሳሳል።

በሽታ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። በሽታ አምጪ ተውሳክ ሲወርረው ተክሉ ራሱ ነውጠኛ ኦክስጅን በብዛት ያመነጫል፤ ይህን ጃፓናዊው ኖቦሩ ዶኬ እ.ኤ.አ. በ1983 በድንች ላይ አሳይቷል። ወራሪውን ይጎዳበታል፣ የሕዋሱን ግድግዳ ያጠነክርበታል፣ ለቀሩት ሕዋሳትም ማስጠንቀቂያ ይልክበታል። ፀረ-ኦክሳይዱ ነውጡ ከተወረረው ቦታ አልፎ ጤነኛውን ክፍል እንዳይፈጅ ይገድበዋል። ስለዚህ «ፀረ» የሚለው ቅጥያ ኦክስጅንን ጨርሶ የሚያጠፋ እንዳያስመስለን፤ ዋናው ሥራው መመጠን ነው።

የዚህን መከላከያ ምልክት ገበሬው በዓይኑ ያየዋል። ፈንገስ ባረፈበት የማሽላ ቅጠል ላይ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ነጥብ ይወጣል። ቀለሙ ዲኦክሲአንቶሲያኒዲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ነው፤ ፈንገሱን ይመርዛሉ፣ ፀረ-ኦክሳይድም ናቸው። በሽንኩርትም አሜሪካዊው ጆን ዎከርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1929 ተመሳሳይ ነገር አሳይተዋል። ልጣጩ ቀለም ያለው ሽንኩርት፣ ልጣጩ ነጭ ከሆነው ዘመዱ ይልቅ አንዱን የፈንገስ በሽታ የሚቋቋመው በደረቁ ልጣጭ ውስጥ ባለ ፕሮቶካቴኩዊክ አሲድ ነው። ይህም ፀረ-ኦክሳይድነት ያለው ነው።

ይህ አቅም ከዝርያ ዝርያ ይለያያል፤ ቁም ነገሩም እዚህ ላይ ነው። ዱራ ከሚባለው የኢትዮጵያ ማሽላ የተገኘው ቢ35 የተባለ ዝርያ በድርቅ ወቅት ቅጠሉ ሳይደርቅ አረንጓዴ ሆኖ በመቆየቱ የዓለም የማሽላ አዳቃዮች ተጠቅመውበታል። ለዚህ ባሕርይ ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም፣ ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ቆላውን ለዘመናት የቻለ ዘር በውስጡ መከታ ይዟል። የይፋት ገበሬ ያቆየው የማሽላ ዘር በምርጥ ዘር ተተክቶ ከመጥፋቱ በፊት ሊሰበሰብ፣ በዚያው በቆላው ማሳ ላይ ሊፈተሽ፣ የፀረ-ኦክሳይድ አቅሙም ሊለካ ይገባል። የጠፋ ዘር ይዞት የሄደውን መከታ ከሱቅ ገዝቶ መተካት አይቻልም።