ድምፅ ወደ ጆሮ የሚደርስበት መንገድ
ከቴሌፎን እስከ ብሉቱዝ የመስሚያ መሣሪያ

መግቢያ

በደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ አርዲቦ የሚባል ሐይቅ አለ። ስሙ እንደ ጎረቤቱ እንደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሐይቅ በየመጽሐፉ አይነሣም፤ ነገር ግን ከእርሱ ከፍ ባለ ስፍራ ተቀምጦ በመካከላቸው በሚወርድ ወንዝ ከእርሱ ጋር ይያያዛል። ያገሩ ሰው የሚኖረው በእርሻ፣ በከብት እርባታና በዓሣ ማጥመድ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አያት መኖሪያም በዚሁ ሐይቅ ዳር ነው።

አያቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጆሮአቸውም ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደክሟል። ልጃቸው፣ ማለት አክስቴ፣ እንደ ብዙዎቹ የወሎ ልጆች ባሕር ተሻግራ በዓረብ አገር ትሠራለች። አንድ ምሽት በስልክ ስለ ውሎዋ ሲጠይቋት፣ «ዛሬማ እስከ እኩለ ሌሊት ሠራሁ፣ አባዬ» አለቻቸው። እርሳቸው ግን «ፈራሁ» ያለች መሰላቸው። መስመሩም ወዲያው ስለ ተቋረጠ ደግመው ለመጠየቅ አልቻሉም። ሌሊቱን እንቅልፍ ሳይወስዳቸው አድረው በማግሥቱ ቤተ ዘመዱን ሁሉ አስጨነቁ።

ከዚህ በኋላ ዘመዶች ገንዘብ አዋጥተው የመስሚያ መሣሪያ ከውጭ አገር አስመጡላቸው። መሣሪያው ፊት ለፊት ለሚደረግ ጨዋታ በእውነት ረዳቸው። ከስልካቸው ጋር ግን ሊገናኝ አልቻለም፤ በመሣሪያው ማሸጊያ ላይም ሆነ በስልኩ ውስጥ «ብሉቱዝ» የሚለው ስም ተጽፎ ሳለ አንዱ ሌላውን አላወቀውም። ምክንያቱ ምንድን ነው? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከታሪኩ በመነሣት ለመመለስ ይሞክራል። የአቅራቢው ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ለደከመ ጆሮ በስልክ ድምፅ ማድረስ እስከ ዛሬ የተቸገረው ከጥበብ ማነስ ይልቅ፣ ስልክ ሠሪውና የመስሚያ መሣሪያ ሠሪው በአንድ ደንብ ስላልተስማሙ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ቴሌፎንና የደከመ ጆሮ

ቴሌፎን የተወለደው መስማት ከተሳናቸው ሰዎች አጠገብ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውለውም። በ1876 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በሙያው መስማት የተሳናቸው ልጆች አስተማሪ ነበር። የእናቱ ጆሮ የደከመ ነበር፤ በኋላ ያገባትም ሴት ከሕፃንነቷ ጀምሮ መስማት የተሳናት ነበረች። ቤል ስለ ድምፅ ጠባይ ያወቀውን ያወቀው በአብዛኛው በዚህ ሥራ ነው። የፈጠረው መሣሪያ ግን ጆሮው የሚሰማውን ሰው ከሩቅ አገር ሲያገናኝ፣ ጆሮው የደከመውን ሰው ከጨዋታው አስቀረው።

ወደ አገራችን ቴሌፎን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ ያለው መስመር ሥራ በ1894 እንደ ተጀመረ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን በዓለም ሁሉ የተሠራበት የቴሌፎን መስመር የሰውን ድምፅ ሙሉውን አያስተላልፍም ነበር። የሚያሳልፈው በሴኮንድ ከ300 እስከ 3400 ጊዜ የሚርገበገበውን ክፍል ብቻ ነው። ይህ መጠን ንግግርን ለመረዳት ለጤነኛ ጆሮ ይበቃል።

ለደከመ ጆሮ ግን አይበቃም። ሰው ሲያረጅ በመጀመሪያ የሚያጣው ቀጭኑንና ከፍተኛውን ድምፅ ነው። እንደ «ሰ»፣ «ሸ» እና «ፈ» ያሉት ፊደላት ድምፃቸው ከአየር ፍትጊያ የሚወጣ በመሆኑ አንዱን ከሌላው የሚለየው ነገር በአብዛኛው የሚገኘው በዚሁ በከፍተኛው ክፍል ነው። ስለዚህ የዕድሜ ባለጸጋው ከጆሮው ያጣውን ቴሌፎኑ ደግሞ ከመስመሩ ይቀንስበታል። ፊት ለፊት ሲነጋገሩ ከንፈር አይቶ መገመት ይቻላል፤ በስልክ ግን ይህም የለም። «ሠራሁ» የተባለው «ፈራሁ» ሆኖ መሰማቱ እንግዲህ የአያቴ አለማስተዋል አልነበረም።

2. የመስሚያ መሣሪያው አመጣጥ

ከቴሌፎን በፊት የደከመ ጆሮ መርጃ የነበረው እንደ ቀንድ የተሠራ መለከት ነው። ሰፊው አፉ ድምፅ ሰብስቦ በቀጭኑ ጫፍ ወደ ጆሮ ይሰድዳል። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መሣሪያዎች ተከተሉ፤ የተሠሩትም በቴሌፎን ብልኃት ነበር። ቀጥሎ በ1920ዎቹ የራዲዮ አምፑል የሚመስል ቱቦ የገባባቸው መጡ። እነዚህ ድምፅን በደንብ ቢያጎሉም ከባትሪያቸው ክብደት የተነሣ ለመሸከም ያስቸግሩ ነበር። በ1947 ትራንዚስተር ተፈለሰፈ፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያም ከሁሉ አስቀድሞ ከገባባቸው የገበያ ዕቃዎች አንዱ የመስሚያ መሣሪያ ሆነ። መሣሪያው አንሶ ከጆሮ ጀርባ ለመቀመጥ የቻለው ከዚህ በኋላ ነው። በ1996 ደግሞ ድምፅን ወደ ቁጥር ለውጠው እንደ እያንዳንዱ ሰው ጆሮ ድካም መጠን የሚያስተካክሉ መሣሪያዎች ለገበያ ቀረቡ።

ይሁን እንጂ መሣሪያው እየረቀቀ ሲሄድ የስልኩ ችግር አልቀረም። መሣሪያ ያደረገ ሰው ስልኩን ወደ ጆሮው ሲያስጠጋ ድምፁ በመሣሪያውና በስልኩ መካከል እየተመላለሰ ፉጨት ይሆናል። ራቅ ሲያደርገው የቤቱ ጫጫታ አብሮ ይገባል። ለዚህ መድኃኒት የሆነው ከ1930ዎቹ ጀምሮ የታወቀው ቴሌኮይል የሚባል ጥቅል ሽቦ ነው። በቴሌፎን ማዳመጫ ውስጥ ድምፁን የሚያወጣው ማግኔት በዙሪያው የማግኔት ኃይል ይበትናል፤ በመስሚያ መሣሪያው ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ ያንን ኃይል ተቀብሎ እንደ ገና ድምፅ ያደርገዋል። በመካከሉ አየር ስለማይገባ ፉጨትም የቤት ጫጫታም የለም።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ቴሌኮይል የሚሠራው የስልኩ ማዳመጫ በቂ የማግኔት ኃይል ሲበትን ነው። ስልክ ሠሪዎች ማዳመጫቸውን በለወጡ ጊዜ ኃይሉ ቀነሰና የብዙ ሰዎች መሣሪያ በድንገት ከስልክ ጋር መሥራት ተወ። በአሜሪካ ነገሩ በሕግ እስከ መደንገግ ደርሶ፣ በ1988 የወጣው ሕግ በአገሩ የሚሸጡ ቴሌፎኖች ጥቂቶች ሲቀሩ ከመስሚያ መሣሪያ ጋር የሚስማሙ እንዲሆኑ አስገደደ። ብልኃቱ ከግማሽ መቶ ዓመት በፊት የታወቀ ነበር፤ የጎደለው ስምምነት ነበር።

3. ብሉቱዝ

ብሉቱዝ በአጭር ርቀት ያለ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፍ ራዲዮ ነው። ሥራው በስዊድን አገር በኤሪክሰን ኩባንያ በ1994 ተጀመረ። በ1998 ኤሪክሰን፣ ኖኪያ፣ አይ ቢ ኤም፣ ኢንቴልና ቶሺባ ተባብረው ደንቡን የሚጠብቅ ማኅበር አቋቋሙ። ስሙ የተወሰደው በ10ኛው መቶ ዓመት ከነበረው ከዴንማርክ ንጉሥ ከሃራልድ ብሉቱዝ ነው። ንጉሡ የተለያዩ ነገዶችን አንድ እንዳደረገ ይነገርለታልና፣ ራዲዮውም የተለያዩ ፋብሪካዎችን ዕቃ እንዲያግባባ ታስቦ ነበር።

ይህን ራዲዮ በመስሚያ መሣሪያ ውስጥ ማስገባት ግን ቀላል አልነበረም። አንደኛ፣ የመሣሪያው ባትሪ ከምስር ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ ስለሆነ የቀድሞው ብሉቱዝ የሚጠይቀውን ኃይል አይችለውም። ሁለተኛ፣ የብሉቱዝ ሞገድ በውሃ በቀላሉ ይዋጣል፤ የሰው ራስም አብዛኛው ውሃ ነውና ከቀኝ ጆሮ ወደ ግራ ጆሮ ማለፍ ያስቸግረዋል። ስለዚህ በ2000ዎቹ ዓመታት የተገኘው መፍትሔ አማላጅ ማቆም ነበር። ሰውዬው በአንገቱ የሚያንጠለጥለው ትንሽ ዕቃ ድምፁን ከስልኩ በብሉቱዝ ይቀበልና በሌላ መንገድ ለሁለቱ ጆሮዎች ያካፍላል። አማላጁ ግን ሌላ ወጪ፣ ሌላ ባትሪና ሌላ የሚረሳ ዕቃ ሆነ።

በ2010 ጥቂት ኃይል የሚፈጅ አዲስ የብሉቱዝ ዓይነት ወጣ፤ እርሱ ግን ድምፅን ለማስተላለፍ የተዘጋጀ ደንብ አልነበረውም። በዚህ ጊዜ መንገዱ ተከፋፈለ። አፕል የራሱን ደንብ ሠራ፤ ከ2014 ጀምሮም ያለ አማላጅ ከአይፎንና ከአይፓድ ድምፅ የሚቀበሉ መሣሪያዎች ተሸጡ። ጎግል በበኩሉ በ2018 አሻ የተባለውን ሌላ ደንብ ለአንድሮይድ አስታወቀ። ደግሞም ከ2017 ወዲህ በቀድሞው ብሉቱዝ የሚሠሩ፣ ባትሪ ቢፈጁም ከብዙ ዓይነት ስልክ ጋር የሚግባቡ መሣሪያዎች መጡ። ስለዚህ ሦስት መሣሪያዎች አንድ ስም ይዘው ሦስት ቋንቋ ይናገሩ ጀመር።

የአያቴም ጉዳይ መልሱ ይኸው ነው። መሣሪያቸው የሚያውቀውን ደንብ ስልካቸው አያውቀውም ነበር፤ ሁለቱም በየበኩላቸው ጉድለት አልነበረባቸውም። ከአንድ ዘመድ ሌላ ስልክ ተውሰን ብንሞክር ሁለቱ ወዲያው ተግባቡ። አክስቴ ስትደውል ስልኩ መደብ ላይ እንደ ተቀመጠ ድምፅዋ በሁለቱ ጆሮዎቻቸው ገባ። አያቴም አስቀድመው ያሉት፣ «እስቲ ያን ቀን ያልሽውን ድገሚልኝ» ነው። «ሠራሁ» አለቻቸው፤ ሳቁም። ከዚያ በኋላ በዚያው ስልክ የወሎ መንዙማ ሲያዳምጡ አመሹ። ስልኩ ግን የውሰት ስለ ነበር በሦስተኛው ቀን ለባለቤቱ ተመለሰ።

4. የጋራ ደንብ

የብሉቱዝ ማኅበር ይህን መከፋፈል ለማስቀረት በጥር ወር 2020 «ኤል ኢ ኦዲዮ» የሚባል አዲስ የጋራ ደንብ አስታወቀ፤ ዝርዝሩም በ2022 ተፈጸመ። ይህ ደንብ በጥቂት ኃይል ጥሩ ድምፅ ያስተላልፋል፤ ለሁለቱም ጆሮ በየራሱ ይሰድዳል። «ኦራካስት» የሚባለው ክፍሉ ደግሞ ከአንድ ምንጭ የወጣ ድምፅ በአንድ ጊዜ ለብዙ ሰዎች እንዲደርስ ያደርጋል። በትምህርት አዳራሽ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በአውቶቡስ ጣቢያ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለአንባቢ መግለጽ አያስፈልግም። ነገር ግን አሮጌው ስልክና አሮጌው መሣሪያ ገና በሰው እጅ ስላለ የተከፋፈለው ዘመን ፈጥኖ አያልፍም።

በአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን በ2024 ያወጣው ደንብ፣ ቴሌኮይልን በሚመለከት በ1988 የተደረገውን በብሉቱዝ ላይ የደገመ ነው ማለት ይቻላል፤ ከሚሸጡት የስልክ ዓይነቶች ቢያንስ 15 በመቶው ከአንድ ፋብሪካ ጋር ያልታሰረ የብሉቱዝ ደንብ እንዲኖራቸው ይጠይቃል።

5. የአገራችን ጉዳይ

የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መግለጫ፣ ለመስማት ችግራቸው እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በዓለም ከ430 ሚሊዮን ይበልጣሉ። አብዛኞቹ የሚኖሩትም ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች ነው። በአገራችን ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1999 በአዲስ አበባ ከተጀመረ ወዲህ እስከ አርዲቦ ዳር ደርሷል። የመስሚያ መሣሪያ ግን ከውጭ የሚመጣ፣ ዋጋው ከአንድ ገበሬ አቅም በላይ የሆነ ዕቃ ነው። እንዲህ ባለ አገር በተሳሳተ ደንብ የተገዛ መሣሪያ የዘመድን ሁሉ መዋጮ ያባክናል።

አንዳንድ ሰው ይህ ነገር የምልክት ቋንቋን የሚተካ ሊመስለው ይችላል። ፈጽሞ አይደለም። ጨርሶ ለማይሰማ ሰው ቋንቋው የምልክት ቋንቋ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ2008 የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ማስተማር መጀመሩ ተገቢ ነበር። እዚህ የምንናገረው ሲሰሙ ኖረው ጆሮአቸው ስለ ደከመባቸው ሰዎች ነው።

አንድ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2010 አጽድቃለች። በ2019 በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ወደ አገር የሚገቡ የመገናኛ ዕቃዎች ደረጃቸውን የጠበቁ መሆናቸውን ይመረምራል። በዚህ ምርመራ ላይ «ስልኩ የትኛውን የመስሚያ መሣሪያ ደንብ ያውቃል?» የሚል አንድ ጥያቄ ቢጨመርና መልሱ በስልኩ ማሸጊያ ላይ በአማርኛ ቢጻፍ፣ ገዢው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ያውቅ ነበር። ይህ ፋብሪካ መክፈት ወይም ሊቅ ከውጭ ማስመጣት አይጠይቅም።

መደምደሚያ

በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በአባ ኢየሱስ ሞዐ ጊዜ፣ በ13ኛው መቶ ዓመት፣ ትምህርት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ይተላለፍ የነበረው በአብዛኛው በቃል ነው። በዚያው አገር መንዙማውም፣ ሽምግልናውም፣ ምርቃቱም በጆሮ የሚኖር ነው። እንዲህ ባለ አገር ጆሮው የደከመበት ሽማግሌ የሚያጣው ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ በሸንጎ የነበረውን ቦታም ያጣል።

ከዚህ በላይ እንደ ታየው፣ መለከቱ በቴሌፎን፣ ቴሌፎኑ በቴሌኮይል፣ ቴሌኮይሉም በብሉቱዝ ሲከታተል አዲሱ ጥበብ ሁልጊዜ ከስምምነቱ ቀድሞ ተገኝቷል። ዘግይቶ የመጣው ስምምነቱ ነው፤ የዘገየበትንም ዋጋ የከፈለው ሽማግሌው ነው። አያቴ አሁንም በዚያው በፊተኛው ስልካቸው ከልጃቸው ጋር ይነጋገራሉ። ያልተረዳቸው ቃል ሲኖርም ሦስት ጊዜ ያስደግሟታል። በየአገራቸው ይህን የመሰለ ነገር የሚያውቁ ተማሪዎች የሰሙትን ጽፈው ለዚህ መጽሔት ቢያቀርቡ፣ ጉዳዩን ለሚመለከታቸው ለማስረዳት ትልቅ እርዳታ ይሆናል።