«ሕዝብ» ማነው? የአሶሳ ጥያቄና የዴሞክራሲ ትርጉም

ዴሞክራሲ የሚለው ቃል ከአፋችን አይጠፋም። በክርክር መድረክ እንወረውረዋለን፤ በፈተና ወረቀት ላይም «ዴሞስ» ሕዝብ፣ «ክራቶስ» ሥልጣን ብለን ተርጉመን ነጥባችንን እንወስዳለን። ታዲያ ከሁለቱ ከባዱ የትኛው ነው ብንባል አብዛኞቻችን «ሥልጣን» እንል ይሆናል። እኛ ግን ከባዱ «ሕዝብ» የሚለው ነው እንላለን። ለዚህም ምስክር የምንጠራው አሶሳን ነው።

በቅድሚያ ስለ አቴና ጥቂት እንበል። አሪስቶትል ዜጋ ማለት በተራው የሚያዝ፣ በተራውም የሚታዘዝ ነው ብሎ አስተማረ። ግን እሱ ራሱ በአቴና መጤ ነበረና እንደ ሴቱና እንደ ባሪያው ሁሉ በጉባኤው ድምፅ አልነበረውም! እንግዲህ ዴሞክራሲ ገና ከእናቱ ማኅፀን ሲወጣ «ማን ይቆጠር?» የሚል ጥያቄ አዝሎ ነው የወጣው።

ወደ አሶሳ እንምጣ። በ1890 የምኒልክ ጦር በራስ መኮንን መሪነት ቤንሻንጉልን ሲይዝ፣ በግንቦት 1894ም ከእንግሊዝ ጋር የሱዳን ወሰን ውል ሲፈረም፣ በርታውንና ጉሙዙን «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ያለ አልነበረም። የአሶሳው ገዥ ሼህ ሖጀሌ አልሐሰን ለቤተ መንግሥቱ ወርቅ ይገብሩ ነበር፤ የባሪያ ንግዱም ያገሬውን ልጆች ለረጅም ዘመን ሲለቅም ኖሯል። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመምረጥ መብት ሰጠ ተብሎ በ1949 ምርጫ ሲደረግም ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ለመመረጥም ንብረት ይጠየቅ ነበር። ንብረት የሌለው ገበሬ መምረጥ እንጂ መመረጥ አልተፈቀደለትም ማለት ነው።

አብዮቱ ሲፈነዳ ጥያቄው በሌላ ልብስ ተመልሶ መጣ። በ1968 ኢሕአፓ «ዴሞክራሲ ያለገደብ» ሲል፣ መኢሶን በበኩሉ «ለጭቁኖች ብቻ» አለ። ያን ሁሉ ቀለምና ኋላም ያን ሁሉ ደም ያፈሰሰው ጠብ በአንድ በኩል «ለማን?» የምትለዋ ትንሽ ቃል ነበረች። ክርክሩ ሳይቋጭ ደርግ ሁለቱንም ዝም አሰኘ። በ1977 ድርቅ ደግሞ የወሎና የሌላውም አካባቢ ገበሬ በመኪና እየተጫነ ወደ አሶሳና ወደ መተከል ተጋዘ። ብዙው ሰፋሪ «ልሂድ» አላለም፤ ያገሬውም «ይምጡብኝ» አላለም። ሁለቱም ሳይጠየቁ ጎረቤት ሆኑ።

ነገሩ የጠነከረው ከዚህ በኋላ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሉዓላዊ ሥልጣንን ለብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ሰጠ። የክልሉ ሕገ መንግሥትም በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን ባለቤት ብሎ ሰየመ፤ ሌሎችም በክልሉ እንደሚኖሩ አወቀ። በ1999ኙ ቆጠራ ግን ከመቶው ነዋሪ ሃያ አንድ ያህሉ አማራ፣ አሥራ ሦስት ያህሉ ኦሮሞ ነበር። ኮሞው አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ቁጥር ብቻ ይዳኘን ቢባል ኮሞው መቼም ቢሆን አያሸንፍም። የባለቤትነት መብት ለእሱ ጋሻ ነው፤ ትናንት ሲሸጥና ሲለወጥ የኖረ ሕዝብ ጋሻ ፈለገ ብለን ልንፈርድበት አንችልም።

ጋሻው ግን የሌላውን ሰው ፊት ሊመታ ይችላል። በ1992 ምርጫ የሆነው ይህ ነው። ሕጉ ዕጩ የአካባቢውን ቋንቋ ይወቅ ይል ነበርና የምርጫ ቦርድ የነባሮቹን ብሔረሰቦች ቋንቋ አያውቁም ያላቸውን ዕጩዎች አገዳቸው። መምረጥ ይችላሉ፤ መመረጥ አይችሉም! የ1949ኙ ንብረት በ1992 ቋንቋ ሆኖ መጣ። ሰዎቹም አቤቱታቸውን ጽፈው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት አቀረቡ። ምክር ቤቱ በመጋቢት 1995 ሲወስን፣ ከዕጩ የሚጠየቀው የክልሉን የሥራ ቋንቋ ማወቅ ነው፣ የየብሔረሰቡን ቋንቋ አለማወቅ አያስከለክልም አለ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ደግሞ አማርኛ ነው።

እንግሊዛዊው ጆን ስቱዋርት ሚል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1861 በጻፈው መጽሐፍ፣ ልዩ ልዩ ቋንቋ በሚናገሩ ሕዝቦች መካከል ነፃ መንግሥት ለማቆም አይቻልም ለማለት ምንም አልቀረው ነበር። አሶሳ ለሚል ግማሽ መልስ ሰጥታዋለች እንላለን። ግማሽ ያልንበት ምክንያት አለን። አማርኛ ለወሎው ሰፋሪ ልጅ የእናቱ አፍ ነው፤ ለበርታው ልጅ ግን ትምህርት ቤት የጫነበት ዕዳ ነው። ውሳኔው ለአንዱ በር ሲከፍት ለሌላው ፍርሃቱን አልነቀለለትም።

ታዲያ የዴሞክራሲ ዋጋው ምኑ ላይ ነው? በእኛ አስተያየት ሁሉን ማስደሰቱ ላይ አይደለም። አባቶቻችን «በሕግ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይሉ ነበር። በ1992 የታገዱት ሰዎች በሕግ አሉ፤ ሦስት ዓመት ያህል ጠበቁ፤ መልስም አገኙ። በዚያው ክልል፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2013፣ በመተከል ዞን በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተገደሉ። ለመተከል እልቂት ብዙ ምክንያት ይቆጠርለታል፤ «አገሩ የማነው?» የሚለው ጥያቄ ግን ከመካከላቸው አይጠፋም። በ2013 ምርጫ በመተከልና በካማሺ ብዙ ቦታ ድምፅ ሳይሰጥ ቀርቶ እስከ ሰኔ 16 ቀን 2016 ድረስ ቆየ።

ያው ጥያቄ ነው፤ አንድ ጊዜ በወረቀት፣ አንድ ጊዜ በጥይት ተጠየቀ። የወረቀቱ መልስ ጎዶሎ ነበር፤ ጎዶሎ መልስ ግን ተመልሶ ሊጠየቅ፣ ሊታረምም ይችላል። የተገደለ ሰው ግን አይታረምም። እንግዲህ ጓደኞቻችን፣ ከእንግዲህ «ዴሞስ ማለት ሕዝብ ነው» ብለን በፈተና ወረቀት ላይ ስንጽፍ እስክሪብቷችንን ትንሽ እናቁምና «የትኛው ሕዝብ? ማን ቀረ?» እንበል። ነጥብ አያስገኝልን ይሆናል፤ ግን ጎረቤታችንን ያስታውሰናል።