ሰማዩ የማን ነው? አየር መንገዶች ከአገር አገር የመብረር መብት ያገኙበት ታሪክ

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አውሮፕላን ለዓመታት መንገድ ላይ ቆም ብሎ ነዳጅ ሲሞላ ኖሯል። ሲመለስ ግን በቀጥታ ነው የሚመጣው። ለምን ይመስላችኋል?

ግማሹ መልስ ፊዚክስ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። አየሩ ከሳሳ ክንፉ የሚያገኘው የማንሻ ኃይል ይቀንሳል፣ ሞተሩም ይደክማል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሰውም ነዳጅም ሙሉ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። በዚያ ላይ ወደ ምዕራብ ሲበር ነፋሱ ከፊት ለፊት ነው የሚገጥመው።

ሌላው ግማሽ ግን ሕግ ነው። አውሮፕላኑ የት አገር ማረፍ ይችላል? ካረፈስ፣ ነዳጅ ብቻ ነው የሚሞላው ወይስ እግረ መንገዱን ተሳፋሪም ይጭናል? ይህን የሚወስኑት መንግሥታት ናቸው።

ከፓሪስ እስከ ቺካጎ

አቪዬሽን ገና ዳዴ በሚልበት ዘመን ሰማይ እንደ ውቅያኖስ ለሁሉም ክፍት ይሁን የሚሉ ምሁራን ነበሩ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ይህን ሐሳብ ገደለው። ከሰማይ ቦምብ ሲወርድ ያየ መንግሥት ሰማዩን ክፍት አድርጎ አይተኛም። እ.ኤ.አ. በ1919 የተፈረመው የፓሪስ ስምምነት እያንዳንዱ አገር ከግዛቱ በላይ ባለው አየር ላይ ሙሉ ሉዓላዊነት አለው ብሎ ደነገገ።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 1944፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳያልቅ፣ ከ50 በላይ አገሮች ቺካጎ ላይ ተሰበሰቡ። ከአፍሪካ የተገኙት ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ላይቤሪያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ትልቁ ክርክር ግን በአሜሪካና በብሪታንያ መካከል ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ብሪታንያ ተዋጊና ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ላይ ስታተኩር፣ አሜሪካ ብዙ የማጓጓዣ አውሮፕላኖችን ሠርታለች። ስለዚህ አሜሪካ «ገበያው ይከፈት» አለች። ብሪታንያ ደግሞ «እንዲህማ ከሆነ ገበያውን ጠቅልላችሁ ልትወስዱት ነው» ብላ በረራው በቁጥጥር እንዲከፋፈል ፈለገች።

በክርክሩ መሐል መብቶቹ «የአየር ነፃነቶች» ተብለው ተዘረዘሩ፦

1ኛ፦ ሳያርፉ በሌላ አገር ሰማይ ላይ ማለፍ።
2ኛ፦ ነዳጅ ለመሙላት ወይም ለጥገና ማረፍ፤ ተሳፋሪ መጫንም ማውረድም የለም።
3ኛ፦ ከራስ አገር ተሳፋሪ ጭኖ ሌላ አገር ማውረድ።
4ኛ፦ ከሌላ አገር ጭኖ ወደ ራስ አገር መመለስ።
5ኛ፦ ከራስ አገር በሚነሳ ወይም እዚያ በሚያበቃ በረራ፣ በሁለት የውጭ አገሮች መካከል ተሳፋሪ መጫን።

በዋናው የቺካጎ ስምምነት አንቀጽ 6 መሠረት፣ መደበኛ ዓለም አቀፍ በረራ ያለ አገሩ ፈቃድ ክልክል ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ነፃነቶች የያዘውን ተጨማሪ ውል ብዙ አገሮች ተቀበሉት። አምስቱንም በአንድ ላይ የያዘው ውል ግን አልሆነለትም። አሜሪካ ራሷ ብዙም ሳትቆይ ወጣች፤ የቀሩት አገሮች ጥቂት ናቸው። ኢትዮጵያ ከነሱ አንዷ ናት! ቺካጎ ላይ ጉባኤው ሲካሄድ እኮ የራሷ አየር መንገድ ገና አልነበራትም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተመሠረተው በቀጣዩ ዓመት ሲሆን፣ የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1946 ነው።

ሁለት ሁለት እየሆኑ

ሁሉንም በአንድ ላይ ማስማማት ሲያቅት አገሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው መደራደር ያዙ። አሜሪካና ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1946 ቤርሙዳ ላይ የፈረሙት ውል ለብዙዎቹ አርአያ ሆነ። እንዲህ ዓይነት ውል አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች አሉ፦ ከየአገሩ የትኞቹ አየር መንገዶች ይበራሉ? በየትኛው መስመር? በሳምንት ስንት ጊዜ? የአየር መንገዱ ባለቤትስ የየት አገር ዜጋ ነው?

አምስተኛው ነፃነት ሲጨመር ነገሩ ይጠነክራል፤ የሦስት አገሮች ፈቃድ ያስፈልገዋልና። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2015 ከአዲስ አበባ በደብሊን በኩል ወደ ሎስ አንጀለስ መብረር ሲጀምር፣ ደብሊን ላይም ተሳፋሪ ይጭን ነበር። ለዚህ የአየርላንድም የአሜሪካም ይሁንታ የግድ ነው። በ2016 ደግሞ በሎሜ በኩል ወደ ኒዋርክ በረራ ከፈተ። ሎሜ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አይልም፤ ከዚያ በከባድ ጭነት መነሳት ይቀላል። በዚያ ላይ ከምዕራብ አፍሪካ የሚሄድ መንገደኛ ይገኛል። ለነዳጅ የተደረገ ማረፊያ በአምስተኛው ነፃነት ገበያ ሆነ ማለት ነው።

የአፍሪካ ሰማይ

ትልቁ ችግር ያለው እዚሁ አህጉራችን ውስጥ ነው። ከአንዱ የአፍሪካ አገር ወደ ሌላው ለመሄድ በአውሮፓ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች በኩል ዞረው የሚሄዱ መንገደኞች አሉ። አንዱ ምክንያት አገሮቹ አንዱ ለሌላው የሚሰጡት የበረራ መብት በመስመርም በሳምንታዊ የበረራ ቁጥርም የታጠረ መሆኑ ነው።

ይህን ለመፍታት እ.ኤ.አ. በ1988 የያሙሱክሮ መግለጫ ወጣ፤ በ1999 አምስተኛውን ነፃነት ጨምሮ ገበያውን የሚከፍተው የያሙሱክሮ ውሳኔ ጸደቀ። በጥር 2018 ደግሞ 23 አገሮች የአፍሪካ አንድ የአየር ትራንስፖርት ገበያን አዲስ አበባ ላይ አስጀመሩ። ከፊርማ ወደ ሥራ ያለው መንገድ ግን ረጅም ሆኗል።

የሚያመነቱት አገሮች ፍርሃት ከመሬት የተነሳ አይደለም። ሰማዩን ብንከፍት እንደ ኢትዮጵያ ያለ ትልቅ አየር መንገድ ትንሿን የአገራችንን አየር መንገድ ይውጣታል ይላሉ። ልብ በሉ፦ በ1944 ብሪታንያ ለአሜሪካ ያቀረበችው ክርክር ቁርጥ ይኸው ነበር! ልዩነቱ፣ ያኔ አየር መንገድ ያልነበራት ኢትዮጵያ ዛሬ ከሚፈሩት መሆኗ ነው። በሌላ በኩል የአየር መንገዱ ጥበቃ ዋጋ አለው፤ ከፋዩ ደግሞ ትኬት ቆራጩ ነው። ክፍት ሰማይ ለኛ አየር መንገድ እንደሚጠቅም ግልጽ ነው። ጎረቤቶቻችን እንዲቀበሉት ግን እነሱም ከገበያው ምን እንደሚያገኙ ማሳየት ይኖርብናል።