ቃላድና ማዕዘን
በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ግብርን በጋሻ ልክ ሲደነግግ፣ የማሳ ስፋት ይለካ የነበረው ቃላድ በተባለው ገመድ ነበር። ጎኖችን ብቻ የለካ ገመድ ግን ማዕዘንን አያሳይም። አራቱም ጎኖቹ 100 ሜትር የሆኑ ማሳ፣ ማዕዘኖቹ 90 ዲግሪ ሲሆኑ 1 ሄክታር ነው፤ አንዱ ማዕዘን 30 ዲግሪ ቢሆን ግን ግማሽ ሄክታር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በዙሪያው ብቻ የተገመተበት ገበሬ እጥፍ ይገብራል።

በ1940ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት በተከፈተባት በጅማ፣ እንዲሁም በአጋሮና በሊሙ፣ የቡና ማሳ ሁልጊዜ ካሬ አይደለም። ተማሪዎች አምስት ጎን ባለው ማሳ ከአንድ ማዕዘን ወደ ሌሎቹ ገመድ ቢወጥሩ 3 ጎነ ሦስቶች ያገኛሉ፤ የማሳው ማዕዘኖች ድምርም 3 ጊዜ 180፣ ማለትም 540 ዲግሪ ይሆናል። የጎነ ሦስት ሦስት ጎኖች ከታወቁ ማዕዘኖቹም የተወሰኑ ናቸው። መምህሩ ቀመሩን ከማስጠናቱ በፊት ይህን በደጅ ቢያሳይ፣ ማዕዘንን መለካት የፍትሕም ጉዳይ መሆኑን ተማሪው ይረዳል።